ፊደልና ዳዊት በቡና አገር

ሕፃን በማለዳ ዕድሜው የተማረው ነገር እስከ ሽምግልናው አብሮት እንደሚኖር የማያውቅ ወላጅ በአገራችን የለም። ይሁን እንጂ ይህ እውነት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለምርቃትና ለምክር ያህል ነው እንጂ በታሪክ ተመርምሮ አይደለም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት ያሰብሁት የሕፃናት ክርስቲያናዊ ትምህርት በአንድ የአገራችን ክፍል፣ ይኸውም በከፋ፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ባለው የቡና አገር እንዴት እንደገባ፣ ምን እንዳቆመና ምን እንደጎደለው ነው። ይህን ክፍል የመረጥሁት ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜ የጠፋበት አገር ስለሆነም ነው።

ከሩቅ ልጀምር። የኢትዮጵያ ክርስትና መነሻው ራሱ ከልጆች ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው ብል ከታሪኩ የራቅሁ አይመስለኝም። ሩፊኖስ የተባለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደተረከው፣ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች አስከትሎ በባሕር ሲጓዝ መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ ወደብ በተጠጋ ጊዜ የአገሩ ሰዎች አደጋ ጥለው ተሳፋሪውን ሁሉ ፈጁት። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ለልጅነታቸውም ታዝኖላቸው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። እነዚህ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ናቸው። ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ገና ሕፃን ስለነበረ፣ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው። በኋላም ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያልን እንጠራዋለን። ከዚያ ዘመን ወዲህ የዛፍ ጥላ በአገራችን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆኖ ኖረ።

የዚያ ትምህርት ቤት ሥርዐት ምን እንደነበረ ለወጣት አንባብያን ባጭሩ መግለጽ ይገባል። ልጅ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው ወደ የኔታ ይወሰዳል። መጀመሪያ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ እያለ ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎ የፊደሉን ተራ ያለዋወጠውን አቡጊዳን ይይዛል፤ ከዚያም ሐዋርያ ወደሚባለው ወደ መጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ይገባል። ይህንንም በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ይወጣዋል፤ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይመጣል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ጨርሷልና ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ። ቀን ቀን ንባብ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ መጽሐፍ የማያስፈልገው የቃል ትምህርት አለ። የዘወትር ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያምና የመሳሰለው ሁሉ በጨለማ ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቈጥራል፤ የኔታም አንዱን ሲሰሙ ሌላው የሳተውን ከሩቅ ያርማሉ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታን በማተሚያ እያባዙ በየአገሩ ከማዳረሳቸው በፊት፣ መምህሩ ፊደሉን በብራና ላይ በእጁ ይጽፍ ነበር።

ይህን ሥርዐት የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ የሚያመሰግኑትም እንዲሁ። ሁለቱም ወገኖች ግን የሚመለከቱት ሥርዐቱን በተወለደበት አገር፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በትግራይ ነው። ወደ ቡናው አገር ሲወርድ ምን እንደደረሰበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ክርስትና ወደዚህ አገር የገባው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በነገሡበት ዘመን፣ በ1580 ዓ.ም. ገደማ፣ ከጎጀብ ወንዝ በስተ ሰሜን የነበረው የኢናርያ ንጉሥ ባዳንቾ ክርስትናን ተቀብሏል። በጎረቤቱ በከፋም ክርስቲያናዊ ኑሮ በዚያ ዘመን አካባቢ ሥር ሰድዶ ነበር። ነገር ግን በተከታዩ መቶ ዓመት በመካከል ያለው አገር በጦርነትና በሕዝብ ፍልሰት ስለተለዋወጠ፣ ከሰሜኑ መንግሥትና ከጳጳሱ ጋር የነበረው መገናኛ ተቋረጠ። ጳጳስ ከሌለ ክህነት የሚሰጥ የለም፤ ካህን ከሌለ መምህር የለም፤ መምህር ከሌለ ፊደል የሚያስቈጥር የለም። ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከላይ ነው፤ ጉዳቱ የታየው ግን ከታች፣ በልጆቹ ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቈይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኵሴ ጉሊየልሞ ማሳያ ወደ ከፋ ገብተው እስከ 1861 ዓ.ም. ድረስ ተቀመጡ። በኢትዮጵያ ስላሳለፉት ሠላሳ አምስት ዓመት በጻፉት ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ በከፋ የቀድሞው ክርስትና ርዝራዥ እንዳገኙ ይናገራሉ። ዕቃው ተሰብሮ ስባሪው እንደሚገኝ፣ የበዓል ልማድና ስም ቀርቶ ነበር፤ ትርጓሜው ግን ሄዷል። እስከ ዛሬም ከፋዎች በመስከረም የሚያከብሩት የዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ይባላል። ስሙን ከመስቀል ጋር የሚያዛምዱ ሰዎች አሉ፤ የቋንቋ ሊቅ ስላልሆንሁ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ።

በዚህ ስፍራ ላይ ጥቂት ልቈይ እወዳለሁ፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና። ያ ርዝራዥ በማን እጅ ቈየ? መጽሐፍ አላቈየውም፤ ጳጳስ አላቈየውም፤ ትምህርት ቤትም አላቈየውም። ያቈየው ቤት ነው። እናት ከእናቷ ያየችውን በዓል ለልጇ ስታሳይ፣ ልጁም ገና በማይጠይቅበት ዕድሜ ሲለምደው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። በዚህ አንጻር የሕፃንነት ትምህርት ኃይል ከምንገምተው በላይ መሆኑን የከፋ ታሪክ ይመሰክራል፤ ከመንግሥትና ከክህነት የበለጠ ዕድሜ ነበረው። ነገር ግን የዚያው ታሪክ ሁለተኛ ምስክርነት አለ። ልማዱ የቈየው ያለ ምክንያቱ ነው። ልጁ ምን እንደሚደረግ ተማረ እንጂ ለምን እንደሚደረግ አልተማረም፤ ለምን የሚለውን የሚያስረዳው መምህር ስለጠፋም፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ እናቲቱም ራሷ አላወቀችም።

ሁለተኛው አገባብ የሆነው በ1889 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወግተው፣ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረከ። ራስም በአንድራቻ ተቀምጠው አገሩን ሲያስተዳድሩ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ ታቦት ገባ፤ ታቦት በገባበት ካህን ተተከለ፤ ካህኑም እንደ ልማዱ በዐጸዱ ጥላ ሥር ልጆች ሰበሰበ። እንደዚህ ሆኖ ፊደል በከፋ፣ ቀጥሎም ያን ጊዜ ጊሚራ ይባል በነበረው በቤንች አገር፣ በሸካና በማጂ በኩል ወረደ።

በዚያ ጥላ ሥር የተቀመጡት ግን የማን ልጆች ነበሩ? አብዛኞቹ የወታደሩ፣ የሹሙና የካህኑ ልጆች ናቸው። የአገሬው ልጅ የገባር ልጅ ነበር፤ አባቱ ለመልከኛው እንጨት ሲፈልጥ፣ እናቱ ስትፈጭ፣ እርሱ ከብት ይጠብቃል። ከዚህም የከፋ ነበር። በዚያ ዘመን በጊሚራና በማጂ የደረሰው የባሪያ ፍንገላ መንደር እስከ ማጥፋት የደረሰ እንደነበረ የታወቀ ነው። ባሪያን ነጻ ስለ ማውጣት በ1916 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ የባሪያ ንግድና ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በአንድ አጥቢያ ውስጥ አንዱ ሕፃን ስለ ፍቅር የሚናገረውን መልእክት በግእዝ ሲያነብ፣ ሌላው ሕፃን በገበያ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ይህን የምጽፈው የአባቶችን ሥራ ለማቃለል አይደለም፤ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ፊደል ያስቈጠሩ ካህናት በድህነትና በወባ መካከል የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው። ነገር ግን ክርስቲያናዊ ትምህርት ለሕፃናት ይጠቅማል ብለን ስንጽፍ የትኞቹን ሕፃናት ማለታችን እንደሆነ ታሪክ ይጠይቀናል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ መልስ የሰጡት ከዚሁ ከቡናው አገር የተሰረቁ ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለደው ሂካ ነው። በልጅነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ነጻ ወጥቶ፣ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በተባለው ስፍራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ስሙ አናሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ የባሪያው ስም ነው። ሁለተኛይቱ ከሊሙ ኢናርያ የሆነችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 ዓ.ም. በጣሊያን መርከበኞች ተይዛ ነጻ ወጣች፤ በዚያው በምንኩሉ ተማረች። ሁለቱ ተባብረው በ1894 ዓ.ም. በኦሮምኛ ቋንቋ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ከሃይማኖት ትምህርት ጋር አስቴር ከትዝታዋ ያወጣቻቸውን የአገር ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቈቅልሾችና ዘፈኖች የያዘ ነው። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ የአናሲሞስ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር ታተመ።

ልብ ይባል። ከእናቷ እቅፍ የተነጠቀች ልጅ ያልተነጠቀችው ነገር ቢኖር በዚያ እቅፍ የሰማችውን ተረት ነው። ያንን ይዛ መጥታ ለሌሎች ልጆች ፊደል መማሪያ አደረገችው። ከዚያ በፊት የነበረው የከፋ ርዝራዥ ያለ ትርጓሜ የቀረ ልማድ ነበር፤ የአስቴር ሥራ ግን ልጅ በሚሰማው ቋንቋ የተሰጠ ትምህርት ምን እንደሚያፈራ ያሳያል። አቡነ ማስያስም ይህን ቀድመው ተረድተውት ኖሮ፣ በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ሚሲዮናውያን አማርኛንና ኦሮምኛን እንዲያጠኑ የታሰበ ነበር። ከላይ ከአቡነ ማስያስ ጀምሮ እስከዚህ የጠቀስኋቸው የውጭ ሰዎችና የአናሲሞስ ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ጉዳዩን በሕግ መልክ ያዘው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክፍልና ክፍት አገር ብሎ በሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከመክፈት በቀር የራሳቸውን ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተከለከሉ፤ በሁለተኛው ተፈቀደላቸው። የትምህርቱ ቋንቋ በመላ አገሪቱ አማርኛ እንዲሆን ተወስኖ፣ የአካባቢው ቋንቋ ግን ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ እንዲነገርበት ተፈቀደ። በዚሁ መሠረት የአሜሪካን ሚሲዮን እስከ ማጂ ድረስ ዘልቆ ሠራ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ይሁን እንጂ የእናት ቋንቋ ጉዳይ በሌላ በር ተመልሶ ገባ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች ውስጥ ከፋ-ሞቻ አንዱ ነበር። ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ያስወጣው መንግሥት ካህናቱ ለማድረግ ያልቻሉትን አደረገ ብል የሚቈጣኝ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ግድ ይለኛል። አባቴ በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ የተነሣ ከወሎ ወደዚህ አገር ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው፤ እናቴ ሸኮ ናት። ሰፋሪዎቹ ቀስ በቀስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ እኔ ከቴፒ ወጣ ባለ ቀበሌ ከአንድ የኔታ ዘንድ ገባሁ። በሰሜኑ አገር የቆሎ ተማሪ ይባላል፤ በእኛ አገር ግን ቆሎ ስለማይበዛ ምሳችን ጎደሬና ሙዝ ነበር። ዝናቡም እንደ ሰሜኑ ዛፍ ሥር ለመቀመጥ አያመችም፤ ደመናው ከየካቲት ጀምሮ ስለሚጫን፣ የኔታ ከቤተልሔሙ ጎን በሣር በከደኑት ዳስ ውስጥ ጭስ ታጥነን ነበር የምንማረው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ዳሱ ባዶ ይቀራል፤ ልጁ ሁሉ ከወላጆቹ ጋር እሸት ቡና ለመልቀም ይወጣልና። ከለቀማው ስንመለስ ግማሾቻችን ፊደሉን እንደገና ከሀ እንጀምር ነበር።

እኔ ያን ችግር አልፌ ሐዋርያን ጨረስሁ። ማታ ማታ እናቴ ገንፎ እያገነፋች ቃሌን ትሰማኛለች፤ ፊደል አታውቅም፤ ግን ድምፄን ትወድ ነበር። አንድ ቀን ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው ስወጣው በሸኮ ቋንቋ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። በማግሥቱ ለየኔታ ብጠይቃቸው፣ ይህ ገና ወደፊት በመጻሕፍት ቤት የሚደረስበት ነው ብለው፣ ለድፍረቴም አለንጋ አቀመሱኝ። መልእክቱ ስለ ፍቅር የሚናገር መሆኑን ያወቅሁት ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ በአማርኛ ሳነበው ነው። ስለ ፍቅር የሚናገረውን መጽሐፍ በአለንጋ መማሬን ሳስብ እስከ ዛሬ አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ። የኔታን ግን አልወቅሳቸውም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ በመዝገብ ቤት ተቀምጬ እንጀራ የምበላበትን የጽሕፈት እጅ የሰጡኝም እርሳቸው ናቸው።

የሚያስገርመው ነገር የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ከእኛ ልማድ የተለየ ምክር መስጠታቸው ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉበት መንገድ አንድ ድርሰት ጽፏል። በዚያም ወላጅ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ማታ ማታ ለልጁ እንዲነግረው፣ ደግሞም እንዲደግምለት፣ ቀጥሎ ልጁን ራሱን ተራ ሰጥቶ እንዲያስተርከው ይመክራል። ልጁ ታሪኩን በራሱ ቃል ካልተናገረው አልያዘውም ማለቱ ነው። በትርም ዘወትር የሚያርፍ እንዳይሆን፣ ልጁ ዱላን ሊፈራው እንጂ ሊለምደው እንደማይገባ ይናገራል። አፈወርቅን በቅዳሴያችን የምናውቀው ሁላችን ይህን ምክሩን ምነው አጥብቀን አልያዝነው?

የቡና ለቀማውን ነገር ደግሞ ሳስብ የእንግሊዙ የሮበርት ሬይክስ ታሪክ ይመጣብኛል። በግሎስተር ከተማ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ይህ ሰው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. የሰንበት ትምህርት ቤት ያቋቋመው ልጆቹ በአዘቦት ቀን በሥራ ላይ ስለሚውሉ ነው። ልጁ ወደ ትምህርቱ መምጣት ካልቻለ ትምህርቱ ልጁ በሚያርፍበት ቀን ይምጣ አለ። በእኛ ቡና አገር ግን እስከ አሁን የትምህርቱን ወራት ከለቀማው ጋር ለማስማማት የሚያስብ አጥቢያ እምብዛም አላየሁም። በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና ተክሎች ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች ልጆች ጀንፈል በሚሰጣበት ሜዳ ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ የእነዚህ ልጆች ቋንቋ ስንት እንደሆነ ለመቍጠር ያስቸግራል።

የቋንቋውን ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ሌላ ችግር ልጥቀስ። በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ የሚነገረው የቤንች ቋንቋ በዓለም ላይ ከሚደነቁት አንዱ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንዳስረዱት በአምስት የድምፅ ከፍታና ከታች ወደ ላይ በሚወጣ በአንድ ተጨማሪ ዜማ፣ በጠቅላላው በስድስት ስልት ቃላት ይለያዩበታል። አንዱ ቃል ከፍ ብሎ ሲነገር ሌላ፣ ዝቅ ብሎ ሲነገር ሌላ ነው። ከዚህም የተነሣ ቋንቋው በፉጨት ጭምር ይነገራል። የኛ ፊደል ግን ይህን የድምፅ ከፍታ የሚያመለክትበት ምልክት የለውም። እንግዲህ ጆሮው በስድስት ዜማ የተሳለ የአምስት ዓመት ሕፃን ወደ የኔታ ሲመጣ እኛ እንደ ደንቈሮ ቈጥረነው እንደኖርን አስቡት። ያሬዳዊ ዜማን ለመያዝ ከእርሱ የተሻለ ጆሮ ያለው ልጅ ከየት ሊመጣ ነበር? ይህን ማንም አላስተዋለውም፤ እኔም እዚህ አገር አድጌ ያስተዋልሁት ከጎለመስሁ በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲጀምሩ ስለፈቀደ፣ ከፍኛና ቤንችኛ በላቲን ፊደል እየተጻፉ ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚህም ምክንያት ዛሬ አንድ የክርስቲያን ልጅ በአዘቦት ቀን የላቲኑን፣ በሰንበት የግእዙን ፊደል ይቈጥራል። ይህን እንደ መከራ የሚቈጥሩ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ሕፃን ሁለት ፊደል ለመያዝ ከእኛ ይልቅ አቅም አለው እላለሁ፤ የሚያቅተው የማይገባውን ነገር መሸከም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ትምህርት ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊታከክ አይችልም፤ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ስፍራ የለውም። መልሶ የደረሰው ከፋዎች ካህን አጥተው በኖሩበት ዘመን ወደ ነበረበት ስፍራ፣ ወደ እናቲቱ ምድጃ ዳር ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ መጽሐፉም ትርጓሜውም አለመኖሩ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም አሉ፤ የሚጎድለው ማታ ማታ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ዛሬም አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም፣ በሚዛን አማንና በቴፒ በሰንበት ልጆችን ይሰበስባሉ። አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በአገሩ ቋንቋ ያስተምራል። እኔም በቢሮዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው መዝገብ ሳገላብጥ ውዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ የኔታ እሄዳለሁ። የአሁኑ የኔታ ወጣት ናቸው፤ አለንጋም የላቸውም። ባለፈው ኅዳር፣ ለቀማው ሳያልቅ፣ ከዳሱ ውጭ ቆሜ ስጠብቃት፣ ፊደሉን በዜማ ከሀ እስከ ፐ ወጥታ ስትጨርስ ሰማሁ። ከእርሷ አጠገብ የተቀመጠው ቤንች ልጅ ግን ዜማውን ከእርሷ አሳምሮ ይዞታል፤ የኔታ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ማታ ቤት ስንደርስ ልጄ ለአያቷ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቈጠረቻት። እናቴ የመጀመሪያውን ዘር ሰባቱንም ተከትላ ጨረሰችና ለሁለተኛው ስትዘጋጅ፣ ልጂቱ በሸኮ ቋንቋ «ቆይ አያቴ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚባል ልንገርሽ» አለቻት።